የሐሙስ ማታው ባንጆ

ቤን ኤልድሪጅ ቀን ቀን የሒሳብ ባለሙያ፣ ማታ ማታ ባንጆ ተጫዋች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1971 በዋሽንግተን አቅራቢያ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር «ዘ ሰልደም ሲን» የተባለውን የብሉግራስ (የአሜሪካ ባህላዊ ሙዚቃ ዓይነት) ባንድ መሠረቱ። ስሙ «እምብዛም የማይታዩት» እንደማለት ነው። ድምፃዊው ጆን ስታርሊንግ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ቤዝ ተጫዋቹ ቶም ግሬይ የናሽናል ጂኦግራፊክ ካርታ ሠሪ፣ ዶብሮ (የጊታር ዓይነት) ተጫዋቹ ማይክ ኦልድሪጅ የግራፊክስ ባለሙያ ነበሩ። ማንዶሊን ተጫዋቹ ጆን ደፊ የሙዚቃ መሣሪያ ይጠግኑ ነበር። እንጀራቸውን ሊተዉ ስላልፈለጉ በሳምንት አንድ ምሽት ብቻ ሊጫወቱ ተስማሙ። የመጀመሪያው ልምምድም በኤልድሪጅ ቤት፣ ከምድር በታች ባለው ክፍል ነበር።

በኋላ ሐሙስ ማታ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ለሚገኘው የበርችሚር ክለብ ታዳሚዎች የባንዱ ምሽት ሆነች።

ባንጆ ፋታ አይሰጥም። አውራ ጣት፣ አመልካች ጣትና የመሃል ጣት አምስቱን ክሮች እየተፈራረቁ ይለቅማሉ፤ አጭሯ አምስተኛ ክር በየመሃሉ ታቃጭላለች። የኤልድሪጅ ትልቁ ችሎታ ታዲያ በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ለድምፃዊው ቦታ መልቀቃቸው ነበር። አጨዋወታቸው ያጅባል እንጂ አይሻማም።

ሙዚቃው ቤታቸው ውስጥም ፍሬ አፍርቷል። ልጃቸው ክሪስ ጊታር አንስቶ ከአባቱ ባንድ ጋር ተጫወተ፤ ከዚያም የዕውቁ «ፓንች ብራዘርስ» ባንድ አባል ሆነ።

ዘ ሰልደም ሲን እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ብሉግራስ የክብር መዝገብ ሲገባ፣ ከመሥራቾቹ መካከል ከባንዱ ሳይለዩ የቀሩት ኤልድሪጅ ብቻ ነበሩ። እስከ 2016 ተጫውተው፣ በ2024 በ85 ዓመታቸው አረፉ። ከምድር ቤቱ የተነሣው ባንድ ግን ዛሬም መድረክ ላይ ነው።