መንጃ ፈቃድ ያለውና የሌለው፤ በዊስኮንሲን ስለ ተደረገ አንድ ጥናት የቀረበ ሒስ

በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት መንጃ ፈቃድ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች በዘር፣ በዕድሜና በመኖሪያ ስፍራ እንዴት እንደሚለያዩ የሚገልጽ አንድ ጥናት በ2005 ዓ.ም. ወጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አዘጋጁ በሚልዋኪ ከተማ በሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሥራና የሥልጠና ጥናት ክፍል ባልደረባ የነበረው ጆን ፓዋሳራት ነው። ጥናቱ አጭር ቢሆንም፣ ስለ ምርጫ ሕግ በተነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል። የዚህ ሒስ ዓላማ ቁጥሮቹ የሚያስረዱትን ከማያስረዱት ለመለየት ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። በእኛ አገር መንጃ ፈቃድ ከሁሉ በፊት የሙያ ወረቀት ነው፤ ማንነትን ለማስረዳት ሰው የቀበሌ መታወቂያውን ያወጣል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ፋይዳ ተጨምሯል። አሜሪካ ግን ዜጋ ሁሉ የሚይዘው አንድ የመንግሥት መታወቂያ የላትም። ስለዚህ ባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ሆነ ቤት ለመከራየት በመጀመሪያ የሚጠየቀው መንጃ ፈቃድ ነው። የማይነዳ ሰው ከዚያው መሥሪያ ቤት ሌላ የመታወቂያ ካርድ ሊያወጣ ይችላል። በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ ያች ትንሽ ካርድ እንጀራም ናት፣ ስምም ናት።

የጥናቱ ዋና ውጤት እንደሚከተለው ነው። በሚልዋኪ አውራጃ ከሚኖሩት ጥቁሮች አዋቂዎች መካከል የጸና መንጃ ፈቃድ ያላቸው ከመቶ 47 ብቻ ናቸው። ከላቲን አሜሪካ የመጡት ወይም ከእነርሱ የተወለዱት ደግሞ ከመቶ 43 ናቸው። ከዚያ አውራጃ ውጭ በቀረው የግዛቱ ክፍል ከሚኖሩት ነጮች ግን ከመቶ 85 ፈቃድ አላቸው። ከ18 እስከ 24 ዓመት ባሉት ወጣቶች ልዩነቱ ይብሳል፤ ይኸውም የሚልዋኪ ጥቁሮች ከመቶ 26፣ ከአውራጃው ውጭ ያሉት ነጮች ከመቶ 71 ነው። ጥናቱ ሰዎችን «ፈቃድ አለህ ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የመንግሥትን መዝገብ መመርመሩ የሚመሰገን ነው። ሰው የታገደ ፈቃዱን እንዳለው አድርጎ ሊናገር ይችላልና።

ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች ይነቀፋሉ።

አንደኛ፣ በብዙዎች አፍ የገባው ንጽጽር ሁለት ምክንያቶችን አንድ ላይ ያስራል። በአንድ ወገን የቆመው የከተማ ጥቁር ነው፤ በሌላው ወገን የቆመው አብዛኛውን ጊዜ የገጠር ወይም የትንሽ ከተማ ነጭ ነው። አውቶቡስ በማይደርስበት እርሻ ላይ የሚኖር ሰው፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ያለ መኪና ሊውል አይችልም። በሚልዋኪ መካከል የሚኖር ሰው ግን በአውቶቡስ ይሄዳል። ስለዚህ በ47 እና በ85 መካከል ያለውን የ38 ነጥብ ልዩነት በሙሉ የዘር ልዩነት ነው ብሎ መጥቀስ ስሕተት ነው። የዘርን ድርሻ ለማወቅ ጥቁሩንና ነጩን በአንድ ከተማ፣ ቢቻልም በአንድ የገቢ ደረጃ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ይህን ስንል ልዩነቱ የለም ማለታችን አይደለም፤ የየምክንያቱ ድርሻ ይለይ ማለታችን ነው።

ሁለተኛ፣ የጥናቱ ርእስ ስለ «ለመምረጥ ዕድሜያቸው ስለ ደረሰ ሰዎች» ይናገራል። ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ግን መራጭ አይደለም። ዜጋ ያልሆነ ስደተኛ አይመርጥም፤ በዊስኮንሲን ሕግ በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት ቅጣቱን ያልጨረሰ ሰውም አይመርጥም። ስለዚህ የ43 ከመቶው ቁጥር ምን ያህል መራጭ እንደሚጎዳ በቀጥታ አይነግረንም። ስለ ስደተኞች የዘመኑን ሕግም ማስታወስ ያስፈልጋል። ዊስኮንሲን ፈቃድ ለሚያወጣ ሰው በአገሩ በሕግ መኖሩን እንዲያስረዳ ማስገደድ የጀመረችው በ2007 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ያን አሮጌ ቁጥር የሚጠቅስ ሰው ከዚህ ሕግ በፊት የተቈጠረ መሆኑን ሊያመለክት ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሁሉ መታወቂያ የለውም ማለት አይደለም። ጥናቱ ራሱ ስለ ሽማግሌዎች ሲናገር ይህን ለይቷል፤ 65 ዓመት ከሞላቸው መካከል ከመቶ 23 የሚሆኑት ፈቃዱም መታወቂያ ካርዱም እንደሌላቸው ገምቷል። ጠቃሾች ግን ይህን ትተው የፊተኛውን ቁጥር ይዘው ሮጡ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የዊስኮንሲን የመራጭ መታወቂያ ሕግ በፍርድ ቤት ሲመረመር፣ ዳኛው ሊን አደልማን በ2014 ዓ.ም. ሕጉ የሚጠይቀው መታወቂያ የሌላቸው የተመዘገቡ መራጮች 300,000 ያህል፣ ማለት ከመቶ 9 እንደሚሆኑ አረጋገጠ። ይህ ቁጥር ከጥናቱ ቁጥር ያንሳል፤ የሚለካው ግን ለጉዳዩ የሚያስፈልገውን ነገር ነው። የበላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ፍርዱን ሻረው፤ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ የመታወቂያው ግዴታ በሕዝብ ድምፅ በግዛቱ ሕገ መንግሥት ገባ። በደል ደርሶብኛል የሚል ሰው ክሱን ባልተስተካከለ ቁጥር ቢያቀርብ፣ ተከራካሪው ቁጥሩን ሲያፈርስ እውነተኛው በደል አብሮ ይፈርሳል።

በሌላ በኩል «ፈቃድ ማውጣት ለማንም ክፍት ነው፤ ያላወጣ በራሱ ስንፍና ነው» የሚሉትን ሰዎች ጥናቱ ራሱ ይመልስላቸዋል። በእኛ አስተያየት ከጥናቱ ሁሉ የሚበልጠው፣ ነገር ግን ጥቂቶች ብቻ የሚጠቅሱት ክፍል ይህ ነው። ፈቃዳቸው የታገደባቸው ወይም የተሰረዘባቸው በሚልዋኪ ጥቁሮች አዋቂዎች ዘንድ ከግዛቱ ነጂዎች ሁሉ ይልቅ ድርሻቸው ይበልጣል። ከእነዚህም ብዙዎቹ የታገዱት በአነዳዳቸው አደገኛ ስለ ሆኑ ሳይሆን፣ የመቀጫ ገንዘብ ባለመክፈላቸው ነው።

የነገሩ አካሄድ ግልጽ ነው። ሰውዬው ትንሽ መቀጫ ይጣልበታል፤ መክፈል ያቅተዋል፤ ፈቃዱ ይታገዳል። ፈቃድ ከሌለው አውቶቡስ ወደማይደርስበት ፋብሪካ ሄዶ ሥራ መያዝ አይችልም፤ ሥራ ከሌለው መቀጫውን አይከፍልም። ያለ ፈቃድ ነድቶ ቢያዝ ደግሞ ሌላ መቀጫ ይጨመርበታል። ሀብታሙ ያንኑ ጥፋት አጥፍቶ በዚያው ቀን ከፍሎ ይሄዳል። እንግዲህ ሕጉ በቃሉ ለሁሉ አንድ ሲሆን፣ ፍሬው ግን እንደ ኪሱ ይለያያል። የመንገድን ደኅንነት ሊጠብቅ የተሠራው ፈቃድ ዕዳ ማስከፈያ ሆኗል ማለት ነው። ይህ የማይለወጥ ነገር አይደለም፤ የካሊፎርኒያ ግዛት የትራፊክ መቀጫ ባለመክፈል ፈቃድ ማገድን በ2017 ዓ.ም. ትታለች።

በጠቅላላው፣ የፓዋሳራት ጥናት ጠቃሚ መሆኑን እንመሰክራለን፤ ነገር ግን የተነበበው በተሳሳተ በኩል ነው። ሰዎች ስለ ምርጫ ማስረጃ ሲፈልጉበት፣ ስለ ድኻው ሥራና መቀጫ የሚናገረውን ገጽ አለፉት። እኛ ተማሪዎች ከዚህ የምንማረው፣ «ከመቶ ይህን ያህል» የሚል ቁጥር በፊታችን ሲቀርብ ሦስት ጥያቄ ማቅረብን ነው፤ ከማን ጋር ተነጻጸረ? ከስንት ሰው ተቈጠረ? ወረቀቱንስ ማን ሰጠ፣ ማንስ ነጠቀ? በአገራችንም ማን መንጃ ፈቃድ እንዳለውና ማን እንደሌለው በየክፍሉ ሊመረምር የሚነሣ ጓደኛ ቢኖር፣ ከሦስተኛው ጥያቄ እንዲጀምር እንመክረዋለን።