አንዲት ሰረዝ

«ሰ»ን እና «ሸ»ን ጎን ለጎን ጻፏቸውና ተመልከቱ። የሚለያቸው አናት ላይ ያለችው ሰረዝ ብቻ ናት። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ግን በዚህችው ልዩነት 42,000 ሰው አልቋል። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የመጣውን ሁሉ «ሺቦሌት በል» ይሉታል። ኤፍሬማዊው ምላሱ አይታዘዝለትምና «ሲቦሌት» ይላል። አለቀለት!

ኮሎምቢያዊቷ ቀራፂ ዶሪስ ሳልሴዶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ለንደን ውስጥ በቴት ሞደርን ላቀረበችው ሥራ የሰጠችው ስም ይኸው «ሺቦሌት» ነበር። ሙዚየሙ ያለበት ሕንፃ ጃይልስ ጊልበርት ስኮት የነደፈው የድሮ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። የተርባይኖቹ አዳራሽ ሰውን ጉንዳን ያሳክላል። አኒሽ ካፑር እ.ኤ.አ. በ2002 ያንን ባዶ ቦታ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ቀይ የፕላስቲክ ሸራ ሞልቶት ነበር። ሳልሴዶ ግን ምንም አላቆመችበትም፤ ወለሉን ሰነጠቀችው። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይጀምርና እየሰፋ 167 ሜትር ይዘልቃል። በውስጡ፣ በሲሚንቶው ግድግዳ ላይ፣ የአጥር ሽቦ ተቀብሮበታል። ነገሩ ዘረኝነት ነው፤ በአውሮፓ ደጃፍ የቆመው ስደተኛ ነው።

ያኔ የብዙው ተመልካች ጥያቄ «እንዴት አድርጋ ሠራችው?» የሚል ነበር፤ እሷም ምስጢሩን አልተናገረችም። አንዳንዱ እግሩን እያስገባ ተጫወተ፤ ተደናቅፈው የተጎዱም ነበሩ። የሥራውን ድክመት የማየው እዚህ ላይ ነው። ስንጥቁን ማንም በአንድ እርምጃ ይሻገረዋል። የዮርዳኖሱ ሰው ግን መሻገርን ነው የተከለከለው።

ኤግዚቢሽኑ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2008 ሲያበቃ ስንጥቁ ተሞላ። ባለፈው ዓመት ለንደን በሄድኩ ጊዜ እዚያ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ወደ አዳራሹ ወሰደኝ።

«ጋሼ፣ የረገጡትን ይዩት እስቲ» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከበር ጀምሮ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጠባሳ! ልጆች በላዩ ይሯሯጣሉ፤ ልብ የሚለው የለም። ለእኔ ሥራው የተጠናቀቀው በተሞላበት ቀን ነው። ስንጥቁን ዘለው ያልፉታል፤ መድፈን መጠገን እንዳልሆነ የሚናገረው ግን ጠባሳው ነው። ሙዚየሙ ወለሉን አንድ ወጥ አድርጎ ሊመልሰው አልቻለም። እኛም «ያለፈው አልፏል» ብለን የደፈንነው ስንት አለ!

ተማሪዬ ለንደን ሃያ ዓመት ኖሯል። አፉን በከፈተ ቁጥር «ለመሆኑ ከየት ነህ?» እንደሚሉት በምሬት እያወራኝ ወጣን። ደጅ ላይ አንድ ያገራችን ልጅ አማርኛችንን ሰምቶ በትሕትና ሰላም አለንና አለፈ።

ተማሪዬ ጠጋ ብሎ «አነጋገሩን ሰሙት፣ ጋሼ? የየት አገር ሰው ይመስልዎታል?» አለኝ።

ምን ልበላችሁ? እኔ እንኳን ገምቼ ጨርሼ ነበር።