ኤክስፋት፦ ለመንገድ የተጻፈ የፋይል ስርዓት

ላንጋኖ ዳር የተቀረጸ የሠርግ ቪዲዮ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። ከካሜራው ሚሞሪ ወደ ቀራጩ ላፕቶፕ፣ ከዚያ ባቱ ወይም ሻሸመኔ ወዳለ ፎቶ ቤት፣ አልፎም አዳማ ወደሚሠራ ኤዲተር ይሄዳል። ከማሽኖቹ አንዱ ዊንዶውስ፣ ሌላው ማክ፣ ሦስተኛው ኡቡንቱ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱም የራሱ የፋይል ስርዓት አለው። ዊንዶውስ የኡቡንቱን ኤክስት 4 በራሱ አያነብም፤ ማክ የዊንዶውስን ኤንቲኤፍኤስ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ሦስቱም የሚያነቡትና የሚጽፉበት፣ የዘመኑን ትልልቅ ፋይሎችም የሚችል ስርዓት ኤክስፋት ነው። ፍላሽ ፎርማት ስናደርግ ከዝርዝሩ መርጠነው የምናልፈው ይህ ሥራ እንደ ማንኛውም ድርሰት ቅርጹ፣ ቋንቋውና ዓላማው ሊመዘን ይገባዋል።

ዓላማው የሚገባን ከእሱ በፊት የነበረውን ስናይ ነው። ፋት 32 የትም ቢሄድ ይነበባል፤ ነገር ግን አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አያሳድግም። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ ይህን ልክ ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ይደርስበታል፤ ስለዚህ የአንድ ሠርግ ቀረጻ እየተቆራረጠ ይቀመጣል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤክስፋት ይህን ወሰን በተግባር አስወገደው። የኤስዲ ካርድ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2009 ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆኑ ካርዶች መደበኛ አደረገው። በብዙ ካሜራዎች ውስጥ ዛሬ የምናገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በአወቃቀሩ የማደንቀው ቁጥብነቱን ነው። የትኛው ቦታ እንደተያዘና የትኛው ባዶ እንደሆነ በአንድ ቀላል የቢት ካርታ ይይዛል። አንድ ፋይል ሳይቆራረጥ በተከታታይ ቦታ ላይ ከተጻፈ ደግሞ የፋይሉ ቁራጮች የት እንዳሉ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ እየተከተለ አይደክምም፤ መነሻውንና ርዝመቱን ብቻ ይመዘግባል። ረጅም ቪዲዮ ሳይቋረጥ ለሚጽፍ ካሜራ ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ቀዳሚው ፋት 32 ሰዓትን የመዘገበው የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ሳይናገር ነበር። ኤክስፋት ከሰዓቱ ጎን የሰዓት ቀጠናውን ልዩነት የሚጽፍበት ቦታ አበጅቷል፤ ስለዚህ እዚህ የተቀረጸው ፍላሽ ዋሽንግተን ቢከፈትም ሰዓቱ በትክክል ሊሰላ ይችላል። ትንሽ የምትመስል፣ ግን በጥንቃቄ የታሰበች እርማት ናት።

ስለ ቋንቋው ስንናገር የፋይል ስያሜን እያነሣን ነው፤ የግዕዝ ፊደል አንባቢም እዚህ ላይ ሊያስተውል ይገባል። ኤክስፋት ለአንድ ስም እስከ 255 የዩኒኮድ ፊደል ይፈቅዳል፤ የእኛ አንድ ፊደል ከላቲኑ አንድ ፊደል እኩል ይቆጠራል። ኤክስት 4 ግን 255 የሚለው ባይትን ነው፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ ስማችን 85 ፊደል ላይ ያበቃል። ፍላሹ ላይ በሰላም የነበረ ረዥም የአማርኛ ስም ኡቡንቱ ላይ ሲገለበጥ እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ነጥብ ኤክስፋት ከሊኑክሱ ስርዓት ይልቅ ለፊደላችን ፍትሐዊ ነው። ሁለት ነጥብና አራት ነጥብም ያለ ችግር ስም ውስጥ ይገባሉ።

እዝባር ግን አይገባም። ስም ውስጥ ከከለከላቸው ዘጠኝ ምልክቶች አንዱ ነው፤ እኛ ደግሞ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ገ/ማርያም እያልን በየሰነዱ የምንጽፈው በእሱ ነው። የተማሪዎቹን ፋይል በየስማቸው ልታስቀምጥ የተነሣች የት/ቤት ጸሐፊ ገና ከመጀመሪያው ትደናቀፋለች። ጥፋቱ የኤክስፋት ብቻ እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው፤ ሊኑክስም እዝባርን አይቀበልም። ቢሆንም እንደ አዲስ የተጻፈ ሥራ የቀደመውን ክልከላ እንዳለ ከመውረስ በላይ አልሄደም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። ኤክስፋት የለውጥ መዝገብ፣ ማለትም ጆርናል፣ የለውም። ፋት 32 ሰንጠረዡን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቅጂ ይይዝ ነበር፤ ኤክስፋት በተለመደው አጠቃቀሙ በአንድ ይበቃኛል ይላል። ፍላሹ እየተጻፈበት ሳለ መብራት ቢጠፋ ወይም አንድ ሰው ተቻኩሎ ቢነቅለው የተበላሸውን መልሶ የሚያቃናበት መረጃ ጥቂት ነው። መብራት ሳያስጠነቅቅ በሚሄድበት አገር ይህን እንደ ጥቃቅን ነገር ማለፍ አይቻልም፤ የሚጠፋው ሁለተኛ የማይቀረጽ ሠርግ ነውና። ትንንሽ ሰነዶችንም አያውቅባቸውም። ዊንዶውስ 64 ጊጋባይት ፍላሽን በተለመደው ምርጫ ፎርማት ሲያደርግ ትንሿን የቦታ ክፍል 128 ኪሎባይት ያደርጋታል፤ አንድ ገጽ ደብዳቤም ይህን ሁሉ ይይዛል። ለቪዲዮ የተሰፋ ልብስ ለደብዳቤ ይሰፋል።

ሌላም ጉድለት አለ፦ ማክ የነካው ፍላሽ ላይ በነጥብና በስር ሰረዝ (._) የሚጀምሩ ትንንሽ ፋይሎች ይገኛሉ፤ ዊንዶውስ ላይ የሚያያቸው ሰው ቫይረስ ይመስሉታል። ማክ ከፋይሉ ጋር ሊያስቀምጥ የሚሻውን ተጨማሪ መረጃ ኤክስፋት የሚይዝበት ቦታ ስለሌለው በጎን ያራገፈው ነው። የባለቤትነትና የፈቃድ ምልክትም አይመዘግብም፤ ፍላሹን ያነሣ ሁሉ ሁሉን ያያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የታሪኩ አካሄድ ነው። ለመጋራት የተጻፈ ሥራ ለ13 ዓመት በፓተንትና በፈቃድ ታጥሮ ቆየ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ማክ ውስጥ ሲያስገባው፣ የሊኑክስ ተጠቃሚ በጎን መንገድ መሄድ ግድ ሆኖበት ነበር። ማይክሮሶፍት ዝርዝር መግለጫውን ለሕዝብ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ነው፤ በዚያው ዓመት ሊኑክስ ተቀበለው፣ በ2020 ደግሞ ከሳምሰንግ በመጣ የተሻለ ኮድ ተተካ። በአንጻሩ አንድሩ ትሪጅል እ.ኤ.አ. በ1992 አውስትራሊያ ውስጥ የጀመረው ሳምባ የዊንዶውስንና የዩኒክስን ማሽኖች በኔትወርክ ሲያገናኝ ከመነሻው ክፍት ነበር። ኔትወርክ ባለበት ቢሮ ሳምባ ይበልጣል፤ የእያንዳንዱ ማሽን የፋይል ስርዓት ከእንግዳው ተሰውሮ ይቀራልና። በላንጋኖና በአዳማ መካከል ግን የሚጓዘው ፍላሽ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ኤክስፋት ለማጓጓዝ ዛሬ ካሉን ሁሉ የተሻለው ነው፤ ለማኖር ግን አይታመንም። ቀረጻው በደረሰበት ማሽን በኤንቲኤፍኤስ ወይም በኤክስት 4 ዲስክ ላይ ተገልብጦ እስኪረጋገጥ ድረስ ሚሞሪው መጥፋት የለበትም። ደራሲው ማይክሮሶፍት ግን ከዚህ የተሻለ ሊሰጠን ይችል ነበር። ሁለት ሰንጠረዥ የሚይዝ ቴክስፋት የተባለ ተጓዳኝ ቅጽ ራሱ ጽፏል፤ ያዋለው ግን ለትንንሽ መሣሪያዎች በሠራው ዊንዶውስ ሲኢ ብቻ ነው። በየፎቶ ቤቱ ያለው ዊንዶውስ አያውቀውም።