ጭቃና ድንጋይ፦ ከዶዮገና ሆኖ ስለ ታሪካዊ አብያተ ክርስቲያናት

ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና የሚወስደው መንገድ ዳርና ዳሩ እንሰት ነው። ከእንሰቱ በላይ ዴሾ ሳር የተተከለባቸው እርከኖች ዳገቱን ይዘውታል፤ በእርከኖቹ መሃል እዚህም እዚያም ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ከቆርቆሮዎቹ ብዙዎቹ የአብያተ ክርስቲያናትና የጸሎት ቤቶች ጣሪያ ናቸው። ሆኖም ታሪካዊ አብያተ ክርስቲያናትን ለማየት ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው እዚህ ከመኪና አይወርድም። የእሱ መንገድ ላሊበላ፣ አክሱምና ጣና ነው፤ አቅሙ ከፈቀደለት ደግሞ ኢየሩሳሌምና ሮም። ለምን እንደማይወርድ መጠየቅ «ታሪካዊ» የምንለውን በምን እንደምንለካው መጠየቅ ነው።

መለኪያውን ያወረሱን በአብዛኛው መንገደኞች ናቸው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ቆይቶ፣ በ1540 በታተመው መጽሐፉ የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮፓ አንባቢ ገለጸ። አንባቢው እንዳያምነው ስለ ሰጋም የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን ምሎ አረጋገጠ። ያ መደነቅ ትክክለኛ ነበር። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ አሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዝርዝሩ መግባታቸውም የሚገባቸው ክብር ነው። ነገር ግን መደነቁ ቀስ በቀስ ወደ ሕግነት ተለወጠ፦ ቤተ ክርስቲያን ታሪካዊ የሚባለው ድንጋይ ሲሆን፣ ድንጋዩም ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ ሳይለወጥ ሲቆይ ነው የሚል።

ዶዮገና ወዳለችበት ወደ ከምባታም መንገደኛ መጥቶ ነበር። ኢየሱሳዊው አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ከአፄ ሱስንዮስ መልእክተኛ ከፍቁረ እግዚእ ጋር በ1613 እ.ኤ.አ. ጉዞ ጀምሮ፣ በእናርያና በዛሬው የም በኩል አድርጎ ከምባታ ገባ። ሐሳቡ በደቡብ በኩል እስከ ማሊንዲ ወርዶ ወደ ባሕር የሚያወጣ መንገድ መፈለግ ነበር። አላባ ሲደርሱ የአገሩ ገዥ አሊኮ ይዞ መለሳቸው፤ ጉዞውም በዚያው ቀረ። ለፈርናንዴዝ ከምባታ ወደ ሌላ ቦታ የሚታለፍባት አገር ነበረች። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ በአስጎብኚ ካርታዎቻችን ላይ ያላት ቦታ ከዚያ ብዙም አልራቀም።

የግድ ድንጋይ ካልሆነ ለሚል ሰው ግን ሆሳዕና ያለችበትን የሐዲያን ድርሻ የሚያገኝበት ቦታ አለ፤ ምስራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር። ንግሥት እሌኒ የሐዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች። ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር ተጋብታ ክርስትና ተነሣች፤ እሱ በ1468 ካረፈም በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በቤተ መንግሥት ተደማጭ ሆና ኖረች። ልጅ የነበረው ልብነ ድንግል በ1508 ሲነግሥ አገር ያስተዳደረች፣ አርመናዊውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከችም እሷ ናት። በእነብሴ ሳር ምድር የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው ይህች ሴት ናት። ሕንፃው በኢማም አሕመድ ዘመን ጠፋ፤ በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ኢየሱሳውያን በላዩ ዳግም ሠሩ፤ ዛሬ የቆመው በጥሩ እጅ የተፈለፈሉ አበቦች የቀሩበት ፍርስራሽ ነው። ቦታው በጎጃም ቅርስነት ይታወቃል፤ ልክም ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በሆሳዕናና በዶዮገና ያሉ ተማሪዎች መርጡለ ማርያምን የራሳቸውም ታሪክ አድርገው ሲማሩት አላየሁም። የቅርስን ባለቤትነት በወረዳ ወሰን ስንከልል ሠሪዋን ከሕንፃዋ እንለያታለን።

በራሱ በከምባታ ምድር ከመካከለኛው ዘመን ክርስትና የተረፈውን ፍለጋ ደግሞ ከግድግዳ መጀመር አያዋጣም። መሳላ፣ የከምባታ የመስቀል በዓል፣ በየመስከረሙ በየቤቱ ይከበራል። ከድሮው ክርስትና የቀረ አሻራ አድርገው የሚያዩት ተመራማሪዎች አሉ፤ የሐዲያንና የከምባታን ታሪክ በቃል ትውፊት ላይ ተመሥርቶ ለዓመታት ያጠናው ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውካምፐር ሥራ ለዚህ ጥያቄ ዋና መነሻ ነው። በዓል እንደ ሕንፃ ፎቶ አይነሣም፤ ግን ዕድሜ አለው።

አሁን ወደምናያቸው ጣሪያዎች እንምጣ። የወንጌላውያን ሚሲዮን በሆሳዕና የሰፈረው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ግድም ነው። በዶዮገና አቅራቢያ ዋሰራ ደግሞ በፈረንሳውያን የካፑቺን መነኮሳት ዘመን ሥር የሰደደ የካቶሊክ ማኅበረሰብ አለ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ የከተማዋ ስም ሆሳዕና ሆኖ የቀድሞውን ዋቸሞን መተካቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የወንጌላውያኑ ሚሲዮናውያን ከደቡብ ተባረሩ፤ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ፣ የፈረሱም ነበሩ፤ የአጥቢያ መሪዎች ታሰሩ። ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ምእመን ትተውት ከሄዱት እጅግ የበዛ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የቆመው ቤት በአገሬው እጅ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው።

ከዶዮገና ወጣ ብሎ ከእነዚህ አንዱን አይቼዋለሁ። በበሩ ጎን ቅቡ የተላጠበት ቦታ አለ። ከላይ ነጭ ኖራ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር የጭድና የእበት ምርጊት፣ ከዚያ ማገር። ማገሩ የታሰረው በእንሰት ቃጫ ነው፤ በጣቴ ስነካው አልላላም። ቤቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመዋል።

«አባባ፣ ይህ ቤት ስንት ዓመቱ ነው?»

«የትኛው፣ ልጄ? ምሰሶው የአባቴ ነው። ክዳኑን የለወጥነው እኛ ነን። ምርጊቱ የዘንድሮ ሴቶች ነው።»

ይህ መልስ በቅርስ ጥበቃ ሙያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያከራከረውን ጉዳይ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይዞታል። በ1994 እ.ኤ.አ. በጃፓኗ ናራ ከተማ የወጣው የቅርስ እውነተኛነት ሰነድ፣ የቅርስ እውነተኛነት በየባሕሉ ዐውድ መመዘን እንዳለበት አስቀምጧል። በ2000 ዩኔስኮ የመዘገባቸው አሥራ ስድስቱ የቺሎዬ ደሴቶች የእንጨት አብያተ ክርስቲያናትም ለዚህ ምስክር ናቸው። በዚያ በቺሌ ዝናባማ ደሴቶች ላይ እንጨት ይበሰብሳል፤ ሕዝቡም ሚንጋ በሚለው የኅብረት ሥራ እየተጠራራ ይጠግናል፣ ይተካል። እኛ ደቦ እንለዋለን። በቺሎዬ ደቦው የቅርሱ አካል ሆኖ ተቆጠረ፤ በዶዮገና ግን የቤቱን ዕድሜ እንደ ሰረዘ ነገር ይታያል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። እንዲህ ከሆነ የጭቃ ቤት ሁሉ ታሪካዊ ሊባል ነው? አይደለም። ከምሰሶው፣ ከክዳኑና ከምርጊቱ ጋር የማን እጅ እንደነበረ የሚያስታውስ ማኅበረሰብ ሲኖር ብቻ ቤቱ ሰነድ ይሆናል። ትዝታው ከተቋረጠ ጭቃው ጭቃ ነው። ስለዚህም በዚህ ዓይነት ቤት ጊዜ ከድንጋዩ ይልቅ ይቸኩላል፤ ላሊበላ ተመራማሪ እስኪመጣ ምዕተ ዓመታት መጠበቅ ችሏል፣ የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ግን ያን ያህል አይጠብቅም።

ችኮላውን የሚያባብሰው ሌላም ነገር አለ። ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ወላጅ ይጦራሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ ለቤተ ክርስቲያናቸውም ይልካሉ። በአሮጌው የጭቃ አዳራሽ ቦታ የብሎኬት አዳራሽ ይነሣል። ምእመኑ በዝቶ ደጅ እየቆመ የሚጸልይ አጥቢያ ሰፊ ቤት ቢፈልግ ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ እኔም አልወቅስም። የማዝነው አሮጌው ቤት ቁመትና ወርዱ ሳይለካ፣ አንድ ፎቶ እንኳ ሳይነሣ ሲፈርስ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ግዙፍ ያልሆነውንም ቅርስ ቅርስ ይለዋል። አዋጁ በር ከፍቷል፤ ወደ ውስጥ የገባን ጥቂት ነን። የአጥቢያ ቃለ ጉባኤ፣ የጥምቀት መዝገብ፣ የመዋጮ ደብተር በየሣጥኑ ተቀምጠዋል። በሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የአንድ ሴሚስተር የመስክ ሥራ ዶዮገና ዙሪያ ያሉትን የቆዩ የጸሎት ቤቶች፣ የሁሉንም ቤተ እምነቶች ማለቴ ነው፣ ለክቶና ሥሎ ለመመዝገብ በቂ ይመስለኛል።

ሽማግሌው እንደ ነገሩኝ የእሳቸውም አጥቢያ ለአዲስ አዳራሽ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ምሰሶው የት እንደሚገባ ጠየቅኳቸው፤ ገና አልተነጋገሩበትም። ደብተሬን ሳወጣ ዘንድሮ ግድግዳውን የመረጉትን ሴቶች ስም ይነግሩኝ ጀመር። በጣታቸው ግድግዳውን ክፍል በክፍል እያሳዩ፣ ይህ የእገሌ፣ ያ የእገሊት እያሉ አሥራ አራት አደረሱ። የአምናዎቹን ሲጀምሩ መሸ።