ቮልስ፦ ደጅ ላይ የምትታከም መኪና

ቅዳሜ ጠዋት አንድ አባት አሮጌ ቮልሳቸውን ጥላ ሥር አቁመው የኋላ ኮፈኗን ሲከፍቱ ማየት ደስ ይለኛል። ይህች መኪና ሕመሟን አትደብቅም። ካንዴላዋን ፈትቶ ያየ የሞተሯን ጤና ያነባል፦ ጫፉ ነጣ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ናት፤ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶባታል፤ ዘይት ካራሰው ፒስተኑ ላይ ያሉት ቀለበቶች አርጅተው ይሆናል። የዲናሞው ቀይ መብራት ጉዞ ላይ ከበራ ግን ወዲያው መቆም ያሻል። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን በአየር የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ የሚያዞረው ያው የዲናሞው ቺንጋ ነው። ከተበጠሰ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።

የዚህ ጥንታዊ ሞዴል የመጨረሻዋ መኪና በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠራች። ቮልስ ዛሬም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የምትታየው የሚያዳምጧት እጆች ስላሉ ነው። ያወቋት ሰዎች እውቀታቸውን ለልጆቻቸው ያውርሱ።