ሦስተኛው ሲሊንደር

ቮልስ ውስጥ ሞተር የሚፈልግ ሰው የፊቱን ኮፈን ቢከፍት የሚያገኘው ስኮርታ ጎማና የቤንዚን ሰርባታዮ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ከሰሌዳው በላይ ባለችው ጠባብ ክዳን ሥር ተወሽቋል። ራዲያተር የለውም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል፤ ገላቸው በስስ ክንፎች የተከበበ ስለሆነ ከላይ ያለው ቬንቲሌተር ነፋስ እየላከ ያቀዘቅዛቸዋል። ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው የቫልቩን ክዳን ነው። የሚይዘው ብሎን አይደለም፤ አንድ የታጠፈ ወፍራም ሽቦ ነው። ካቻቢቴ አስገብተው ወደ ታች ጫን ሲያደርጉት ቷ ብሎ ይለቃል፣ ክዳኑም በእጅ ይወጣል። ሃምሳ ዓመት ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረ ሽቦ አሁንም አጥብቆ ይይዛል። ውስጡ ሲታይ ቫልቮቹና የሚገፏቸው ክንዶች ዘይት ለብሰው ተደርድረዋል። በቫልቩ ጫፍና በክንዱ መካከል የሚፈለገው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። መካኒኩ ስሷን የብረት ምላጭ አስገብቶ ይስባል፤ ዝም ብላ ከወጣች ሰፍቷል፣ አልሳብ ካለች ጠብቧል፣ ያዝ አድርጎ ሲለቃት ልኩ ነው። እዚህ ላይ ዓይን አይጠቅምም፤ የሚፈርደው ጣት ነው።

ሥራው የሚሠራው ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ የአሰላን ጠዋት የሚያህል የለም። እኔ የምሄድበት ጋራዥ ያለው ወጣት ቁልፍ ከመያዙ በፊት፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ተነድቷል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ተነድቷል ካልኩት ነገ ማልደው ያምጡት ይለኛል እንጂ ክዳኑን አይነካም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር እንምጣ። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይቱ ማቀዝቀዣ በነፋሱ ቤት ውስጥ ልክ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ቆሟል። ስለዚህ ይህ ሲሊንደር የሚደርሰው ነፋስ በዘይት ሙቀት የሞቀ ነው፤ ከወንድሞቹ ሁሉ ይልቅ እሱ ይግላል። የቮልስ ሞተር ሲሞት ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከዚያ ነው፤ ቫልቩ ይቃጠላል ወይም ይበጠሳል። መሐንዲሶቹ ይህን ያውቁ ነበር። በብዙዎቹ የድሮ ዲስትሪቢዩተሮች ውስጥ ካንዴላውን የሚያስነሣው ዘንግ አራት ጉብታ አለው፤ የሦስተኛው ጉብታ ከሌሎቹ በጥቂት ዲግሪ ዘግይቶ እንዲደርስ ተደርጎ ተሞርዷል። ብልጭታው ትንሽ ሲዘገይ ሙቀቱ ትንሽ ይበርዳል። ከሚሊዮን የቮልስ ነጂ አንዱ እንኳ ላያየው፣ ጉድለቱን በጉድለቱ ልክ አስበው የሞረዱት ብረት ነው። ማቀዝቀዣው ከነፋሱ መንገድ ወደ ጎን የዞረው እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ነው።

ሁሉንም ግን አላደንቅም። የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ የሚገፋው የስኮርታ ጎማው አየር ነው። ብልሃት ነው፣ እውነት ነው፤ ግን መዝጊያዋ ያረጀች እንደሆነ ጎማው በሚፈለግበት ቀን ለስልሶ ይገኛል።

ስለ ቮልስ ሲነሣ ሰው ሁሉ ወደ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ይሄዳል፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የወጡበትን መኪና ያነሣል። ታሪኩ ትልቅ ነው፣ ስለ አሠራሩ ግን የሚነግረን የለም። የሚነግረን ዘመዱ ነው። ፌርዲናንድ ፖርሽ ቮልስን ነደፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ልጁ ፌሪ በኦስትሪያዋ ግሙንድ የፖርሽን ስም የያዘችውን የመጀመሪያዋን ስፖርት መኪና፣ 356ን፣ በቮልስ ዕቃ ሠራ። ሞተሯ 1131 ሲሲ የቮልስ ሞተር ነበር፣ ጉልበቱም 35 ፈረስ። እዚህ አገር የሚነዳው ባለ 1500 ቮልስ 44 ፈረስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 የመጣው 911 ስድስት ሲሊንደርና 130 ፈረስ ቢኖረውም ሐሳቡ ያው ነበር፤ የተጋደመ ሞተር፣ ከኋላ እግር ጀርባ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ። እስከ 1998 ድረስ በዚያው ቀጠለ።

የድሮ 911 አርሲ ውስጥ አላየሁም፣ የማይም አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ሕግ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጥሏል፤ በ2024 ደግሞ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ዘመዱን የምናውቀው በቮልስ ነው። ለማወቅ ደግሞ የአሰላ መንገድ ይበቃል።

አዋሽ መልካሳን ተሻግሮ በዴራና በኢተያ ወደ አሰላ ሲወጣ 900 ሜትር ያህል ከፍታ ነው። በግራ ጭላሎ ከስንዴው ማሳ በላይ ይመጣል፣ በቀኝ የስምጥ ሸለቆው ሜዳ ወደ ኋላ ይቀራል። ሞተሩ በሦስተኛ ማርሽ ያጉረመርማል እንጂ አያማርርም። አስቸጋሪው መውረዱ ነው። የኋላ ጎማዎቹ ከካምቢዮው ጎን በተንጠለጠሉ አክሶች ላይ ናቸው፤ መኪናው ኋላውን ሲያነሣ ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ኩርባ መሐል ገብቶ በድንጋጤ ነዳጅ የለቀቀ ሰው ክብደቱ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ኋላው ይቀላል፣ ከዚያ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ከኋላ ይዞ ይዞራል። የድሮ 911 ባለቤቶች በዓለም ሁሉ የሚማሩት ሕግ ይኸው ነው፤ ፍሬኑ ከኩርባው በፊት፣ ኩርባው ውስጥ ግን እግር ነዳጁ ላይ ቀለል አድርጎ መያዝ።

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ ከአምስት እጅ አንድ በላይ ይሳሳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወለደበትና ሳንባውን ያጠነከረበት አየር ካርቡራተሩን ያስርበዋል፤ 44ቱ ፈረስ በግምት ወደ 34 ይወርዳል። ቤንዚኑ ግን በመጠኑ መፍሰሱን ስለማይተው ድብልቁ ይወፍራል፣ ማርሚታውም ጥቁር ጭስ ይተፋል። አንድ ጊዜ ወጣቱን መካኒክ የቤንዚን ማሳለፊያዋን ቀዳዳ አጥብብልኝ አልኩት።

«አዳማ ይወርዱ የለ?» አለኝ።

«በየሳምንቱ።»

«እንግዲያው አላደርገውም፣ ጋሼ። እዚህ ልክ የሆነው እዚያ ቆላ ላይ ይሳሳል። የሳሳ ቤንዚን ያግላል። መጀመሪያ የሚሄደው ሦስተኛው ነው።»

ቀዳዳዋ እንዳለች ናት። ዳገት ላይ የጠፋውን ጉልበት በማርሽ እተካዋለሁ፣ ጭሱን አሰላ ለምዶታል፤ በየሦስት ወሩ ካንዴላዎቹን አውጥቼ ጥቀርሻቸውን እጠርጋለሁ፣ መጀመሪያ የማየውም የሦስተኛውን ነው።