ፕሌይራይት ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ምን ያህል ይበጃል?

ድረ ገጽን ራሱ እየከፈተ፣ ቁልፍ እየተጫነ፣ ቅጽ እየሞላ የሚፈትሽ መሣሪያ ሲመረጥ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ይነጻጸራል። ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ግን ቀዳሚው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ኮዱን አይቶት የማያውቅ በጎ ፈቃደኛ ማታ ከሥራ ሲመለስ ፍተሻውን በራሱ ኮምፒውተር አስነሥቶ፣ የወደቀው ለምን እንደወደቀ መረዳት ይችላል ወይ? ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን ፕሌይራይትን የምመዝነው በዚህ ነው።

አንዱ ብርታቱ መጠበቅ ማወቁ ነው። በቆዩት መሣሪያዎች ብዙ ሰው ገጹ እስኪከፈት «ሦስት ሰከንድ ጠብቅ» እያለ ይጽፋል፤ ሰርቨሩ በዘገየ ቀን ፍተሻው ይወድቃል፣ በማግሥቱ ማንም ኮዱን ሳይነካው ያልፋል። እንዲህ ያለ ፍተሻ ባይኖር ይሻላል፤ አበርካቾች ፍተሻው መውደቁን የሚያሳየውን ቀይ ምልክት ማመን ያቆማሉና። ፕሌይራይት ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ቁልፉ መታየቱን፣ መንቀሳቀስ ማቆሙን፣ በሌላ ነገር አለመሸፈኑን ራሱ ያረጋግጣል። ከተፈለገም እያንዳንዱን እርምጃ፣ የገጹን መልክና ከሰርቨር ጋር የተደረገውን ልውውጥ መዝግቦ ያስቀምጣል። ሌላ አህጉር ባለ ሰርቨር ላይ የወደቀን ፍተሻ አዲስ አበባ ያለ ሰው ያንን ፋይል አውርዶ ደረጃ በደረጃ ይመረምረዋል። ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው ይህ ነው። የዎርድፕረስ ጉተንበርግ ፕሮጀክትም ፑፔቲር በተባለ ሌላ መሣሪያ የተጻፉ ፍተሻዎቹን ወደ ፕሌይራይት አዛውሯል።

ሌላው መሣሪያ ሳይፕረስም ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ሆኖም ፍተሻ የሚጻፍለት በጃቫስክሪፕትና በታይፕስክሪፕት ብቻ ነው፣ ፍተሻዎችን ለብዙ ማሽን የሚያከፋፍለው አገልግሎቱም ከኩባንያው ክፍያ ጋር የተያያዘ ነው።

የፕሌይራይት ጉድለት ግን ቀላል አይደለም። ከሱ ጋር የሚመጣው ዌብኪት የተባለው ብራውዘር ራሱ ሳፋሪ አይደለም፤ ፋየርፎክሱም ለፍተሻ ተብሎ የተሻሻለ ነው። ተጠቃሚው በእጁ የያዘውን ሳፋሪ መፈተሽ የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውን ሴሌኒየምን ይያዝ። ሴሌኒየም የቆመበት፣ ብራውዘርን ማዘዣ የሆነው ዌብድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም አቀፉ ድር ጥምረት መስፈርት ሆኗል፤ ፕሮጀክቱም የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም። ፕሌይራይት በአፓቺ 2.0 ፈቃድ ለማንም ክፍት ቢሆንም ማይክሮሶፍት ቢተወው የተሻሻሉትን ብራውዘሮች ከየአዲሱ እትም ጋር እያስማማ የሚቀጥል ማን ነው? ሥራው ለጥቂት በጎ ፈቃደኞች ከባድ ነው። ሌሎቹ የፍተሻ መሣሪያዎች፣ ፋንተምጄኤስ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የአንጉላር ፕሮትራክተር እ.ኤ.አ. በ2023 ሲቋረጡ በእነሱ ላይ የተመሠረቱ ፕሮጀክቶች ፍተሻቸውን እንደገና መጻፍ ግድ ሆኖባቸዋል።

ሌላም አለ። የፕሌይራይትን ሦስት ብራውዘሮች፣ ክሮሚየምን፣ ፋየርፎክስንና ዌብኪትን፣ ማውረድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ አበርካች ይህ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ክሮሚየምን ብቻ መጫን ስለሚቻል የፕሮጀክቱ መመሪያ ይህን በመጀመሪያው ገጽ ይናገር፤ በቀሩት ብራውዘሮች የፕሮጀክቱ ሰርቨር ይፈትሽ።

አዲስ ለሚጀምር ፕሮጀክት ምርጫዬ ፕሌይራይት ነው። በሴሌኒየም የተጻፈና በደንብ የሚሠራ ፍተሻ ያለው ግን አዲስ ነገር መጣ ብሎ አይጣለው። መሣሪያ የምትመርጡ ሆይ፣ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ አዲስ አበርካች መሣሪያውን ሲጭን አጠገቡ ተቀምጣችሁ እዩት።